በግራ ማናና፣ በቀኝ ራሓ

ቀሊቢያ፣ ማርች 9 ቀን 1992

ለተከበሩ ወይዘሮ ዘኪያ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። መልስዎ ሲመጣ ፖስተኛው ፊት መክፈት አፍሬ ጀልባዋ ውስጥ ገብቼ ነው ያነበብኩት። «ማን ነሽ? ሳጥኔንስ ማን ከፈተው?» ብለው ጠይቀዋል። ልክ ነዎት። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ራሴን ሳላስተዋውቅ ስለ ጀልባዋ ምሰሶ ብቻ መጠየቄ ነውር ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው ፊትም እንዲሁ ነኝ። ሰላምታውን ረስቼ ወሬው መሀል እገባለሁ፣ ወይም ጭራሽ አልገባም።

ዶርሳፍ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ባለቤትዎ አስተማሪ እንደነበሩ ሳጥኑ ውስጥ ካገኘሁት ደብተራቸው ስለገባኝ፣ ስሕተት ካዩ በቀይ አያስምሩብኝ። ጠዋት ጠዋት ሰርዲን ፋብሪካ ዓሣ እደረድራለሁ። አባቴ ኡስታ ፈርጃኒ ነው፤ ወደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የእንጨት ጀልባዎችን ስንጥቅ በጥጥና በዝፍት የሚደፍነው። ምናልባት የመዶሻውን ድምፅ ያስታውሱት ይሆናል።

ከጀልባዋ መቀመጫ ሥር ያለውን ሳጥን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ጀልባዎ አሁን የኔ ናት። እርስዎ መምጣት ካቆሙ ጀምሮ ሰባት ዓመት ወደቡ ግቢ ጥግ ላይ ተጋድማ ነበር። ባለፈው ክረምት የተጣሉ ጀልባዎች ለሽያጭ ሲወጡ ማንም አልፈለጋትም። የየት ሥራ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው እንኳ ጠፋ። ዓሣ ነጋዴው ሐምዳ «ይቺማ ጀልባ አይደለችም፤ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ናት፣ ሸራው የልብስ ማስጫ ነው» ይላል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በላይኛው መስኮቷ ሾልኬ እየገባሁ እቀመጥባት ነበር። ውስጧ ሆኜ ማንንም ሰላም ማለት የለብኝም። አያቴ ለሠርጌ የተወችልኝን ሁለት የወርቅ አምባሮች ሸጬ ገዛኋት። እናቴ ሁለት ቀን ዘጋችኝ። በሦስተኛው ቀን ተናገረች፤ ዘግታኝ ብትቆይ ይሻል ነበር።

አባቴ የሚያውቀው እንጨት ነው፣ እሷ ደግሞ ፋይበርግላስ ናት፤ የተናገረውም አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ፕላስቲክ።»

አሁን ጭንቀቴን ልንገርዎ። ወደቡ ግቢውን ሊያሰፋ ነው። እስከ ሴፕቴምበር 15 ውሃ ላይ ያልወጣ ጀልባ ሁሉ ተቆራርጦ በጭነት መኪና ይወሰዳል ብለዋል። አምባሮቹም አብረው ሄዱ ማለት ነው። ሐምዳም ዕድሜ ልኩን የሚያወራው ያገኛል። የባለቤትዎ ማስታወሻ ደግሞ ግማሹ በእርጥበት ጠፍቷል፤ የተረፈው አድራሻዎ ነው። ስሟም ከጎኗ ለቆ አይነበብም፤ ማን ነበር? መጥተውስ ቢያዩልኝ?

ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ብዬ ልጥራዎት? «ወይዘሮ» ስል የፋብሪካውን ተቆጣጣሪ የማናግር ይመስለኛል።

ዶርሳፍ

—

ኤል ካፍ፣ ማርች 21 ቀን 1992

ለልጄ ለዶርሳፍ፣

ኻልቲ በይኝ። እህት ስለሌለኝ ኻልቲ የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ ወግ ሲደርሰኝ እምቢ አልልም።

ስለ አምባሮቹ እናትሽ የተናገረችውን ሁሉ እኔም እናትሽ ብሆን እናገረው ነበር። እናትሽ ስላልሆንኩ ግን ደግ አደረግሽ እላለሁ።

ደብተሩ ጠፋ ብለሽ አትዘኚ። ነፍሱን ይማርና ባሌ ሸድሊ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። እሱ ይለካል፣ እኔ እፍቃለሁ። እሱ «ስድስት ሰዓት ይድረቅ» ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ስድስት ሰዓት ዝንብ አባርራለሁ። ስለዚህ ደብተሩ አልጠፋም፤ እጄ ላይ አለ።

ማንም ስለማያውቃት አትሸማቀቂ። የሠሯት ፈረንሳይ አገር፣ ብሪታኒ ውስጥ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ሠላሳ ያህል ከሠሩ በኋላ ተጣልተው ዘጉት። ሸድሊ ሲገዛት ሻጩ ራሱ የጀልባዋን ዓይነት በትክክል መጥራት አልቻለም። እሷ ግን ዐሥራ አንድ በጋ አንድም ቀን አላሳፈረችንም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ፋይበር እርጥበት ካለው ሙጫው አይዘውም፤ ዛሬ ትለጥፊያለሽ፣ በመጀመሪያው ማዕበል ይላቀቃል። ወለሏና ጀርባዋ ደግሞ በሁለት ንጣፍ ፋይበር መካከል ቀጭን እንጨት አለባቸው። እንጨቱ ውሃ ከጠጣ ነገሩ ሁሉ ከውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከምንም በፊት ሆዷን አድርቂ። መስኮቶቿን ክፈቺ፣ ነፋስ ይግባባት። እስከ ጁን መጥረግ እንጂ ሌላ ሥራ እንዳትጀምሪ።

ስሟን ጠይቀሽኛል። ስለ ስሟ ሌላ ጊዜ። መጥቼ እንዳያትም ጠይቀሽኛል። የጉልበቴ ሕመም አይፈቅድልኝም።

ኻልቲሽ ዘኪያ

—

ቀሊቢያ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1992

ኻልቲ ዘኪያ፣

የላኩልኝ የካፍ ማር ደርሷል። እናቴ ቀመሰችና «ሴትዮዋ ቢያንስ ምግብ ታውቃለች» አለች። ከርሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከማሩ ጋር «ደረቀች ወይ?» ብለው ለጻፉልኝ መልስ ለመስጠት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ መንዘል ተሚም ነበር። እኔና እናቴ ስድስት ቀን ቆየን። ያለፈው እሑድ ስመለስ ቀጥታ ወደሷ ሄድኩ። እስከ መቀመጫዎቿ አፋፍ ድረስ በባሕር ውሃ ተሞልታለች።

አባቴ ነው የሞላት። ብቻውን፣ በባልዲ፣ ሁለት ቀን ሙሉ።

የእንጨት ጀልባ ከውሃ ወጥታ ከከረመች ጣውላዋ ይኮማተራል። ስለዚህ ወደ ባሕር ከመመለሷ በፊት ውሃ ይሞላባታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ወንፊት ታፈሳለች፣ ከዚያ እንጨቱ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል። አባቴ ይህን ከአባቱ ነው የተማረው፤ አርባ ዓመት ሠርቶበታል። ላይዋ ቆሞ ትከሻውን እያሸ «ጠጥታልሻለች» አለኝ።

ኻልቲ፣ ከገዛኋት ጀምሮ ሲያልፍ ፊቱን ያዞርባት የነበረ ሰው ነው። እኔ በሌለሁበት፣ ሳልጠይቀው፣ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገልኝ። ምን ልበለው? «እጅህ ይባረክ ባባ» አልኩት።

ውሃው እስከ ዛሬ አለ። በየቀኑ ሄጄ አየዋለሁ፤ አባቴ በሌለበት ከሥር ያለውን ቡሽ ነቅዬ «ለካ ታፈሳለች» ልበለው ይሆን? ሐምዳ ደግሞ «መቼ ነው ዓሣ የምታረቢልኝ?» ይለኛል። ስሟንስ አሁንም አይነግሩኝም?

ዶርሳፍ

—

ኤል ካፍ፣ ሜይ 6 ቀን 1992

ልጄ ዶርሳፍ፣

ብቻዬን ጮክ ብዬ ስቄ ጎረቤቴ ግድግዳ አንኳኳችብኝ። ይቅር በይኝ። ሁለት ቀን በባልዲ! ለእኔ ሸድሊ አንድ ብርጭቆ ውሃ አንስቶ ሰጥቶኝ አያውቅም።

አሁን ላሰብሽው ነገር መልሴ አይሆንም ነው። አባትሽ ቤት በሌለበት ሰዓት ከሥር ያለውን ቡሽ ነቅለሽ «ለካ ታፈሳለች» ልትይው? አባትሽ በትከሻው የተሸከመውን ውሃ በተንኮል አትደፊውም። ጀልባሽ ብትተርፍ እንኳ ባየሻት ቁጥር ትዝ ይልሻል።

ንገሪው። ባለሙያ ሰው ተሳስተሃል ሲባል የሚከፋው ሰው ፊት ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ያ ሐምዳ የተባለው በሌለበት ይሁን። መጀመሪያ ምሳውን አብይው። የራበው ወንድ ጆሮ የለውም።

በየቀኑ እንጨቱ እየጠጣ ነው። አትቆዪ።

ስለ ስሟ ደግመሽ ጠይቀሻል። ግትር ነሽ። የጉልበቴ ሕመምም እንዳለ ነው።

ኻልቲሽ

—

ቀሊቢያ፣ ሜይ 20 ቀን 1992

ኻልቲ፣

ነገርኩት።

ያለፈው ሐሙስ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ፤ ጣቡና ዳቦ፣ የሃሪሳ ድልህ፣ የተጠበሰ ሰርዲን። ሐምዳ ገበያ ነበር። አባቴ የመጨረሻዋን ቁራሽ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝና እንዲህ አልኩ፦ «ባባ፣ ይቺ ጀልባ ውሃ አይስማማትም።»

ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ጀልባ ውሃ አይስማማትም።

አባቴ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከሠርጉ የተመለስኩ ቀን።»

«ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ዝም አልሽ?»

«እጅህ ይባረክ ካልኩህ በኋላ እንዴት ልበልህ?»

አንገቱን ደፋ። «እኔም» አለ፣ «ውሃውን በሞላሁ ማግስት አውቄያለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ከሥሯ ተንበርክኮ የሚያፈሰውን ሊያይ ገብቶ ነበር። አሸዋው ደረቅ ነው። በእጁ ዳሰሰው። በሦስተኛው ቀንም ሄደ፤ ደረቅ። በየጠዋቱ እኔ ከላይ ውሃውን ሳይ፣ እሱ ከኔ ቀድሞ ከታች አሸዋውን ሲዳብስ ከርሟል።

«አርባ ዓመት ስንጥቅ ስደፍን ኖርኩ» አለኝ። «ምንም የማታፈስ ጀልባ ግን አይቼ አላውቅም። አንዲት ጠብታ ብታፈስ ኖሮ እነግርሽ ነበር። ምንም ሳታፈስ ስትቀር አፈርኩ። የማታፈስ ከሆነ እኔ ምን አደርግላታለሁ?»

ኻልቲ፣ ዓይናፋርነቴን ከማን እንደወረስኩ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አብረን ቡሹን ነቀልነው። ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ከሰዓቱ አለቀ፤ እግራችንን ነክረን ተቀመጥን። ሲያልቅ አባቴ የእንጨት መዶሻውን አነሳና ውስጥ ገባ። ወለሏን በቀስታ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ያንኳኳል። የበሰበሰ ጣውላ የሚታወቀው በዓይን አይደለም፣ በድምፅ ነው። «ስሚ» አለኝ። አንዱ ጋ ጥርት ያለ ድምፅ አለ፣ አንዱ ጋ እንደ እርጥብ ጆንያ ድፍን ይላል። ድፍን ባለበት ሁሉ በጠመኔ ክብ ሠራ። ዐሥራ አንድ ክብ ሆነ። ከዐሥራ አንዱ ሰባቱ የዘንድሮ ሳይሆኑ የድሮ ናቸው አለ፤ ከእርስዎ ጊዜ ጀምሮ የነበሩ። እሱን ለመጻፍ አፍሬ ነበር፣ ጻፊላት አለኝ።

ከወጣን በኋላ መዶሻውን እያየ «ጥጥ አትፈልግም፣ ዝፍት አትፈልግም» አለ። «ጆሮ ግን ትፈልጋለች።»

አሁን ቀኑን እየቆጠርን ነው። ዐሥራ አንዱንም ከፍተን እርጥቡን እንጨት እያወጣን ነው፤ እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ከጁላይ በፊት ካልደረቀ አንደርስም።

ዶርሳፍ

—

ኤል ካፍ፣ ጁላይ 12 ቀን 1992

ልጄ፣

ለአባትሽ ንገሪልኝ፦ ሰባቱ ክቦች የኔ ናቸው፣ አምኛለሁ። ሸድሊ በ1979 ውሃ እንዳያስገቡ የመዝጊያዎቹን ብሎን አጥብቂ ብሎኝ ነበር። አጥብቄያለሁ ብዬው ቡና ጠጣሁ።

በጁን መጨረሻ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ደርቃ ሥራ መጀመራችሁ ደስ ብሎኛል። ሙጫው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጨሰ ማለትሽ አያስደንግጥሽ፤ የበጋ ሙጫ ቁጡ ነው። በማለዳ ሥሩ፣ በትንሽ በትንሹ በጥብጡ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። አፍንጫሽን ደግሞ ሸፍኚ። አባትሽ አልሸፍንም ካለ የሐምዳን ዓሣ እያስታወሰ ይተንፍስ።

እንግዲህ ፍቀሽ ፍቀሽ ደረስሽበት። በግራ ጎኗ «ማናና»፣ በቀኝ ጎኗ «ራሓ»። «ለምን ሁለት ስም? ልትሰርቁባት ነበር እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽ። እሺ።

ማናና የሸድሊ እናት ናት፤ አማቴ። ነፍሷን ይማርና ሃያ ዓመት ሙሉ ኩስኩሴ ውስጥ ጨው ስትጨምርብኝ ኖራለች። ሸድሊ ጀልባዋን ገዝቶ ሲመጣ «ማናና እንላታለን» አለ። «እናትህ ላይ ተቀምጬ ባሕር አልወጣም» አልኩት። አንድ ወር ተነጋገርን፤ ተነጋገርን ማለት ተጣላን ነው። መጨረሻ ላይ እሱ በግራ የሱን ጻፈ፣ እኔ ብሩሹን ቀማሁትና በቀኝ የኔን ጻፍኩ፦ ራሓ፣ ዕረፍት። ከወደብ ስንወጣ በግንቡ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች የሚያዩት ግራዋን ነው፤ ስንመለስ ቀኟን። ዐሥራ አንድ ዓመት ማናናን ይዘን ወጥተን ራሓን ይዘን ገባን። ሰዉ ሁለት ጀልባ ያለን ይመስለው ነበር።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ስለ ስሟ ሳስብ የሚመጣብኝ ያ የብሩሽ ቅሚያ ስለሆነ ነው። ስቄ ብቻ አልጨርሰውም ብዬ ፈርቼ ነበር። ይኸው ጻፍኩት፤ ስቄ ጨረስኩት።

ያንቺ ናትና ሌላ ስም ብታወጪላት አይከፋኝም።

ኻልቲሽ ዘኪያ

—

ቀሊቢያ፣ ኦገስት 28 ቀን 1992

ኻልቲ፣

መጀመሪያ ስለ ስሟ። ወደብ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ማስመዝገብ ነበረብኝ። አባቴ አብሮኝ መጣ፣ ግን በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ «ባለቤቷ አንቺ ነሽ» አለ። ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ስም?»

«ዶርሳፍ።»

«የጀልባዋን ነው ልጄ።»

«ማናና... ራሓ።»

«ማናና የራሷ ስም፣ ራሓ የአባቷ?»

ከበሩ በኩል የአባቴ ሳል ተሰማኝ። እሱ ሳቁ ሲመጣበት ያስላል። «አዎ» አልኩ። እንደዚያ ተብላ ተመዝግባለች። በግራም በቀኝም ያለውን ጽሑፍ በድሮው ቅርጽ መልሼ ቀባሁት።

ዐሥራ አንዱም ክቦች ተዘግተዋል። አባቴ ለውስጥ የሚሆነውን እንጨት ራሱ መርጦ ራሱ ላገው፤ በላዩ የፋይበሩን ጨርቅ እኔ ለጠፍኩ። ሐምዳ «ኡስታ ፈርጃኒ ፕላስቲክ ሰፊ ሆነ» ብሎት ነበር። አባቴም «ና፣ ጭንቅላትህን ላንኳኳልህ፤ ድፍን ሳይል አይቀርም» አለው። ከዚያ ወዲህ ሐምዳ ዝም ብሎ ሙጫ ያቀብለናል።

ምሰሶዋ ቆሟል፤ ሸራው ግን መሀሉ ላይ ተቀዶ ነበር። አንድ ቀን ከፋብሪካ ስመለስ እናቴ ሳሎኑን ሙሉ አንጥፋው ቁጭ ብላለች፤ ለሠርጌ ጥልፍ ባስቀመጠችው ክር እየሰፋችው። አጠገቧ ተቀምጬ መርፌ አስገባሁላት።

የምናወርዳት ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12 ነው። ለጭነት መኪናው ሦስት ቀን ሲቀረው። ለሚገፉት ሰዎች እናቴ ኩስኩስ ትሠራለች፤ ዓሣውን ሐምዳ ችሏል። መሪውን መያዝ ግን የሚያውቅ የለም። አባቴ ጀልባ ይሠራል እንጂ አይነዳም፤ እኔ ደግሞ ቆማ ነው የማውቃት።

ጉልበትዎን አውቃለሁ። ስለዚህ ኑ አልልም። ቀኑን ብቻ ነገርኩዎ።

ዶርሳፍ

—

ኤል ካፍ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1992

ዶርሳፍ፣

ጉልበቴ ውሸት ነው። በየቀኑ ይህን የካፍን ዳገት ዘንቢል ይዤ እወጣዋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ዋሸሁሽ፤ ሰባት ዓመት ደግሞ ራሴን።

የፈራሁት ምሰሶዋ ወድቆ ማየትን ነበር። አሁን ቆሟል ስላልሽኝ ምክንያት አጣሁ።

ዓርብ በከሰዓቱ አውቶብስ እመጣለሁ። ለእናትሽ ንገሪያት፦ ኩስኩሱ ላይ ጨው እኔ አልጨምርም።

ዘኪያ

—

ቀሊቢያ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992

ኻልቲ፣

በሰላም መግባትዎን ከጎረቤትዎ ስልክ ሰማን። ተመስገን።

ቅዳሜ የሆነውን እርስዎም ስለነበሩበት አልጽፈውም። እርስዎ መሪውን እንደያዙ «ዝም ብለሽ ነፋሱን ስሚ፣ ሰላምታ አይፈልግም» ያሉኝን ብቻ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። «ከዚህ ወዲያ ያንቺ ነው» ብለው እጀታውን ሲለቁልኝ የት ዞሬ እንደነበር ግን ዛሬም አላስታውስም። ግንቡ ላይ የነበሩ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ፤ አንደኛው ማናና ስትወጣ አይቻለሁ ይላል፣ ሌላው የገባችው ራሓ ናት ይላል።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። አባቴ አዲስ የደፈናት ጀልባ ውሃ በነካች ማግስት፣ በየጊዜው፣ በማለዳ ጣሳ ይዞ ይሄዳል፤ ውስጧ የገባውን ውሃ ሊቀዳ። እሑድም ልማዱ ሆኖበት ጣሳውን ይዞ ወጣ። ቆየብን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሲመለስ በጣሳው ውስጥ ስድስት ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩ።

«ውሃ ገብቷል እንዴ?» አልኩት ደንግጬ።

«የሚቀዳ የለም» አለ። «ባዶ ጣሳ ይዤ ብመለስ ሐምዳ ያየኛል ብዬ አጠመድኩ።»

ሰኞም ሄደ። ማክሰኞም። አሁን ጣሳውን ትቶ መንጠቆውን ብቻ ነው የሚይዘው።

ትናንት የጭነት መኪናው መጣ። ሦስት ጀልባ ቆራርጠው ጫኑ። ሹፌሩ ወረቀቱን እያየ «አራተኛዋስ? ነጭ፣ ፋይበር፣ ስሟ የማይነበብ?» አለ። ሐምዳ ነበር የመለሰለት። በአገጩ ወደ ባሕሩ እያሳየ «ገንዳዋን ነው? ስሟ ከሁለቱም በኩል ይነበባል» አለው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሰው ሳያስገድደኝ «የኔ ናት» አልኩ። ሐምዳ ዞር ብሎ አየኝ። «ለካ ድምፅ አለሽ» አለኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ባለቤትዎ ጫማ አድርጎ ጀርባዋ ላይ መውጣትን ይከለክሉ ነበር ብለው ቅዳሜ ጫማዎን አውልቀው ነበር። የሄዱት በእናቴ ነጠላ ጫማ ነው። ጥቁሩ ጫማዎ መቀመጫው ሥር፣ ሳጥኑ ባለበት አለ። ትናንት ጠቅልዬ ፖስታ ቤት ድረስ ወስጄው ነበር። ተራዬ ሲደርስ «ጫማው ከደረሳቸው እሳቸው ለምን ይመለሳሉ?» ብዬ አሰብኩና ይዤው ተመለስኩ።

እናቴም ነጠላ ጫማዋን ትፈልጋለች።

ዶርሳፍ